«ቆይ» እስከ መቼ ነው? ካርቲስ ማሳክ አሁን ይገዛ ወይስ ይጠበቅ



እኛ በማኅበረሰቡ ውስጥ የምንሠራ ነርሶች ቤት ለቤት ስንሄድ ከመድኃኒትና ከደም ግፊት ሌላ ብዙ ነገር እንጠየቃለን። ከባንክ የመጣ ደብዳቤ፣ ከዒሪያ የመጣ ቅጣት፣ ከትምህርት ቤት የመጣ ወረቀት እንድናነብ ይሰጠናል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በእነዚህ መሃል ሌላ ዓይነት ወረቀት እየተጨመረ ነው። ልጁ በእጁ የጻፈው የእቃ ስምና ቁጥር ነው፤ ከጎኑ ዋጋው አለ፤ 1,700 ሰቅል፣ 2,300 ሰቅል፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ። እቃው ካርቲስ ማሳክ ይባላል።

እናት «ለትምህርቴ ነው ይለኛል፤ እውነቱን ነው?» ብላ ትጠይቃለች። አባት «ዛሬ ውድ ነው፤ ቆይ ይርከስ» ይላል። ልጁ «አሁን ካልገዛን ጭራሽ ይወደዳል» ይላል። አያት ደግሞ ከእርጅና ቂጽባቸው ቆጥበው ያስቀመጡትን አስበው «ልጁ ከሚያዝን እኔ ልስጠው» ይላሉ። አራቱም ከልባቸው ነው የሚናገሩት፤ ነገር ግን እርስ በርስ አይደማመጡም። ስለዚህ በዚህ ገጽ ነገሩን ከሥሩ እንየው፤ እቃው ምንድን ነው፣ ዋጋው ለምን ይወጣል ይወርዳል፣ መቼ መግዛት ይሻላል፣ መቼስ መጠበቅ?

እቃው ምንድን ነው?

ማንኛውም ኮምፒውተር በማያ ገጹ ላይ የምናየውን ምስል የሚሠራለት ክፍል አለው። በአብዛኛው ኮምፒውተር ይህ ክፍል በዋናው አንጎል ውስጥ ተካትቶ ይመጣል። ለደብዳቤ፣ ለዙም፣ ለትምህርት ቤት ሥራ፣ ፊልም ለማየት እሱ ይበቃል። ካርቲስ ማሳክ ግን ለብቻው የሚሸጥ፣ የራሱ ማራገቢያና የራሱ ሜሞሪ ያለው ሰሌዳ ነው፤ በኮምፒውተሩ ሣጥን ውስጥ ይሰካል።

ሥራው ከባድ ነው። የተለመደው ማያ ገጽ በስፋቱ 1,920፣ በቁመቱ 1,080 ነጥብ አለው፤ ሲባዛ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ማለት ነው። አዲስ ጨዋታ ሲከፈት እነዚህ ነጥቦች በአንድ ሰከንድ ውስጥ 60 ጊዜ እንደገና መሣል አለባቸው። ይህን ለማድረግ የተለየ ካርድ ያስፈልጋል። ከጨዋታ ሌላም በሦስት ገጽታ ሕንፃና እቃ የሚነድፉ ሰዎች፣ ረጅም ቪዲዮ የሚያቀናብሩ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ የሚሠሩ ይጠቀሙበታል።

የካርዱን ልብ የሚነድፉት በዋናነት ሁለት ኩባንያዎች ናቸው፤ ኤንቪዲያና ኤኤምዲ። ሦስተኛው ኢንቴል ነው። ኤንቪዲያ የሚለውን ስም ከልጆቻችሁ ሰምታችሁ «የመጫወቻ ስም ነው» ብላችሁ እንደሆነ፣ ይህ ኩባንያ በ2020 የዮቅንዓሙን ሜላኖክስ ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ የገዛ፣ በአገራችንም ብዙ መሐንዲሶች የሚሠሩበት ነው። ልጁ ስሙን ማወቁ ራሱ መጥፎ ነገር አይደለም።

ገበያው ያስተማረን ሁለት ነገር

«ቆይ ይርከስ» የሚለው የአባት ምክር ትክክል የሆነበት ጊዜ ነበር። በሴፕቴምበር 2020 ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 30 የተባለውን ትውልድ አወጣ። ጊዜው ኮሮና ሰውን ሁሉ ቤት ያስቀመጠበት ነበር፤ ፋብሪካዎች ትእዛዙን ማድረስ አቃታቸው። በዚያ ላይ ኢቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ በኮምፒውተር «የሚቆፍሩ» ሰዎች ካርዶቹን በጅምላ ገዙ። በፌብሩዋሪ 2021 የወጣው አርቲኤክስ 3060 ኩባንያው የቆረጠለት ዋጋ 329 ዶላር ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ገበያ ላይ በእጥፍና ከዚያም በላይ ተሸጠ። በ2022 ዋጋው መውረድ ጀመረ፤ በሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 ደግሞ ኢቴሪየም አሠራሩን ስለ ለወጠ እሱን በካርድ መቆፈር ቀረ። በጁን 2023 ከ3060 የሚፈጥነው አርቲኤክስ 4060 በ299 ዶላር ወጣ። በ2021 «ቆይ» ያለ ሰው ሁለት ዓመት ታግሦ በግማሽ ዋጋ የተሻለ እቃ አገኘ።

የልጁ ስጋት ትክክል የሆነበትም ጊዜ አለ። በ2025 መጨረሻ ላይ የኮምፒውተር ሜሞሪ ዋጋ በጣም ወጣ። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ትልልቅ ማዕከል የሚሠሩ ኩባንያዎች ፋብሪካዎቹ የሚያመርቱትን ሜሞሪ በብዛት ስለሚገዙ ለተራው ሸማች የሚቀረው አነሰ። ከዓለም ሦስት ትልልቅ የሜሞሪ አምራቾች አንዱ የሆነው ማይክሮን በዲሴምበር 2025 «ክሩሻል» በሚል ስም ለተራ ሸማች የሚሸጠውን ሥራ እንደሚተው አስታወቀ። ሜሞሪ ለመግዛት «ይርከስ» ብሎ የጠበቀ ሰው ተወደደበት። ካርቲስ ማሳክም በላዩ ሜሞሪ ስላለበት ይህ ነፋስ ይነካዋል።

ከሁለቱ የምንማረው አንድ ነው። የዚህን እቃ ዋጋ የሚወስነው እዚህ ያለው ባለ ሱቅ አይደለም፤ የታይዋን ፋብሪካ፣ የአሜሪካ ኩባንያ፣ የዶላር ምንዛሪ ነው። በግምት መጠበቅም በድንጋጤ መግዛትም ቁማር ነው።

«አዲሱ ሞዴል እስኪወጣ እንጠብቅ» የሚለውም ማብቂያ የለውም። የኤንቪዲያን ትውልዶች ብንቆጥር፣ አርቲኤክስ 20 በ2018፣ 30 በ2020፣ 40 በ2022፣ 50 በጃንዋሪ 2025 ነው የወጡት። በየሁለት ዓመቱ ወይም ትንሽ ዘግይቶ አዲስ ይመጣል። አዲስ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ሁልጊዜ ሲጠብቅ ይኖራል።

መጀመሪያ ምርመራ፣ ከዚያ መድኃኒት

በክሊኒክ አንድ ሰው «ይህን መድኃኒት ስጡኝ» ብሎ ሲመጣ አስቀድመን «ምንዎን ነው የሚያመው?» ብለን እንጠይቃለን። ለኮምፒውተሩም እንዲሁ ነው። ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ልጁን አስቀምጣችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት። ልጁ ዕብራይስጡንም ኮምፒውተሩንም ከእኛ በላይ ያውቃል ብለን ብዙ ጊዜ ዝም እንላለን። ስለ ካርዱ አለማወቅ ግን ስለ ቤታችን ገንዘብ አለማወቅ አይደለም። መጠየቅ የወላጅ ወግ ነው፤ መልሱን በአማርኛ ማስረዳት ደግሞ የልጁ ድርሻ ነው።

አንደኛ፣ ለምን ሥራ ነው? «ለትምህርት ነው» ካለ የትኛው ትምህርት እንደሆነ ይናገር። ፕሮግራም መጻፍ ለመማር፣ ፓይተን የሚባለውን ቋንቋ ለመለማመድ፣ ለማሕሼቭ ባግሩት ለመዘጋጀት ይህ ካርድ አያስፈልግም፤ ተራ ኮምፒውተር ይበቃል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት መማር ለሚጀምር ልጅም ጉግል ኮላብ የተባለው አገልግሎት በሩቅ ያለ ካርድ በኢንተርኔት በነጻ ያውሳል። በሦስት ገጽታ መንደፍ ወይም ጨዋታ መሥራት የሚማር ከሆነ ግን ካርዱ እውነትም ይጠቅመዋል። ለወጣት አዋቂዎች ሥልጠና የሚሰጡ እንደ ቴክ ካሪዬራ ያሉ ድርጅቶች ውስጥ ለመግባት የሚያስብ ልጅ ካላችሁም፣ ለኮርሱ ምን ዓይነት ኮምፒውተር እንደሚያስፈልግ ከመግዛት በፊት ከኮርሱ በጽሑፍ ይጠየቅ።

ለጨዋታ ከሆነም «ለጨዋታ ነው» ብሎ በግልጽ ይናገር፤ እኛም አናሾፍበት። ዛሬ ልጆች ማታ ማታ የሚገናኙት በሜዳ ብቻ አይደለም፤ በጨዋታው ውስጥ እየተነጋገሩ ነው። ጓደኞቹ የሚጫወቱትን የእሱ ኮምፒውተር ካልከፈተለት ከጨዋታው ብቻ ሳይሆን ከጓደኞቹም ነው የሚቀረው። ይህ የልጅ ችግር ነው፤ ግን እውነተኛ ችግር ነው። እውነቱን የተናገረ ልጅ ውሸት ተናግሮ ከሚያገኘው ይልቅ እውነት ተናግሮ የሚያገኘው እንዲበልጥ ማድረግ የእኛ ፈንታ ነው።

ሁለተኛ፣ በቤት ያለው ኮምፒውተር ምን ዓይነት ነው? በእጅ የሚያዝ፣ የሚታጠፍ ኮምፒውተር ከሆነ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ እንዲህ ያለ ካርድ በውስጡ አይገባም። ሣጥን ያለው ከሆነ ደግሞ አራት ነገር ይታይ።

የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሰጠው ክፍል፣ በዕብራይስጥ ሳፓክ ኮሕ የሚባለው፣ ስንት ዋት ነው? ለአርቲኤክስ 5060 ኩባንያው የሚመክረው 550 ዋት፣ ለ5060 ቲአይ 600 ዋት ነው። የቤቱ ኮምፒውተር ከዚህ ያነሰ ከሆነ እሱም መለወጥ አለበት፤ ወጪው በካርዱ ላይ ይደመራል።

ካርዱ በሣጥኑ ውስጥ ይገባል? ርዝመቱ በሜትር ይለካ፤ ከካርዱ ሣጥን ላይ ከተጻፈው ጋር ይመዛዘን።

ማያ ገጹ ምን ያህል ነው? በሰከንድ 60 ምስል ብቻ የሚያሳይ ማያ ገጽ ላለው ቤት 140 ምስል የሚሠራ ካርድ መግዛት፣ በአንድ ሊትር ጠርሙስ ሁለት ሊትር ወተት ለመሙላት እንደ መሞከር ነው።

ዊንዶውስ ስንት ነው? የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ኮምፒውተሩ አርጅቶ ወደ 11 መሻገር የማይችል ከሆነ፣ በእሱ ላይ አዲስ ካርድ መሰካት በአሮጌ መኪና ላይ አዲስ ሞተር መጫን ነው።

አንድ ነጻ ምርመራም አለ። ልጁ «ይዘገያል» የሚለውን ጨዋታ ይክፈት፤ ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ይጫን። የኮምፒውተሩን ሥራ በመቶኛ የሚያሳይ ገጽ ይከፈታል። ጂፒዩ የሚለው ቁጥር ወደ 100 ከተጠጋ ችግሩ እውነትም ካርዱ ላይ ነው። ጂፒዩ በግማሽ እየሠራ ሜሞሪው ወይም ዋናው አንጎል ከሞላ ግን አዲስ ካርድ ቢገዛም መዘግየቱ አይቀርም። አንዳንድ ጊዜ አቧራውን ማጽዳት፣ የጨዋታውን የምስል ጥራት አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ብቻ ይበቃል። ይህ አንድ ሰቅል አያስወጣም።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ከየት ነው?

በዶላር የተነገረ ዋጋ እዚህ ሲደርስ ሌላ ነው። የአሜሪካ ዋጋ ግብር ያልተጨመረበት ነው፤ በእኛ አገር ግን ማዓም አለ፤ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ 18 በመቶ ነው። ዶላር ሦስት ሰቅል ከግማሽ ቢሆን 300 ዶላር 1,050 ሰቅል ይሆናል፤ 189 ሰቅል ማዓም ሲጨመርበት 1,239 ሰቅል። አስመጪውና ባለ ሱቁ የሚያተርፉት ከዚህ በላይ ነው። ስለዚህ ልጁ «በአሜሪካ 300 ዶላር ነው» ሲል ውሸት አልተናገረም፤ ግን ያ የእኛ ዋጋ አይደለም።

ዋጋውን በሥራ ሰዓት መቁጠር ይረዳል። በአፕሪል 2025 የተወሰነው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 34.32 ሰቅል ነበር። በዚያ ሒሳብ 1,700 ሰቅል ወደ 50 ሰዓት የሚጠጋ ሥራ ነው፤ ያውም ቀረጥ፣ ትራንስፖርትና ምግብ ሳይቆጠር። ይህን ለልጁ ለማሳፈር ሳይሆን ለማስረዳት ንገሩት። ልጆች የሰቅሉን ቁጥር ያውቃሉ፤ ሰዓቱን ግን የነገራቸው ሰው ላይኖር ይችላል።

ሱቅ ውስጥ «በ36 ታሽሉሚም ነው፤ በወር ትንሽ ናት» ሲባል ቆም በሉ። ሁለት ዓይነት ታሽሉሚም አለ፤ ወለድ የሌለውና ወለድ ያለው፣ ክሬዲት የሚባለው። «ሪቢት አለው? በጠቅላላ ስንት እከፍላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጠቅላላው ድምር በወረቀት ይጻፍላችሁ። ሦስት ዓመት የሚከፈልበት እቃ ክፍያው ሳያልቅ አዲስ ትውልድ ይመጣበታል፤ ያኔ ልጁ ሌላ ይጠይቃል፤ እናንተ ገና የድሮውን ትከፍላላችሁ።

እኛ የምንመክረው ልክ ይህ ነው፤ ካርዱ የባንክ ሒሳባችሁን ወደ ሚኑስ የሚያስገባ ከሆነ፣ ወይም ከመድኃኒት፣ ከመነጽር፣ ከጥርስ ሕክምና የሚቀነስ ከሆነ መልሱ መጠበቅ ነው። ገበያው ምንም ይሁን። በተለይ አያቶች ከቂጽባ ዚቅና ላይ ቆርሰው እንዲሰጡ አትፍቀዱ። መድኃኒት «በልቶ ያልጨረሰ» የሚመስለን ሰው አንዳንድ ጊዜ ጭራሹን ያልገዛ ሆኖ አግኝተናል።

ለሥራ ነገ ያስባል የምትሉትን ልጅም አስቡት። በዚያው 1,700 ሰቅል የማቴማቲካ ሹዑር ፕራቲ ብዙ ሰዓት ይገዛል። አምስት ዬሒዶት ማቴማቲካና ጥሩ እንግሊዝኛ የሚከፍቱትን በር ካርድ አይከፍተውም። ሁለቱም የሚቻል ከሆነ ደስ ይላል፤ አንዱ ብቻ ከሆነ ግን ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

መግዛት ከሆነ እንዲህ ይገዛ

ሦስቱ ጥያቄዎች በጥሩ ከተመለሱ፣ ማለትም ሥራው ዛሬ ያለ፣ ኮምፒውተሩ የሚሸከመው፣ ገንዘቡም በእጅ ያለ ከሆነ፣ አሁን ግዙ፤ መጠበቅ አያስፈልግም። ዛሬ የሚያስፈልግ እቃ ነገ ቢረክስም በመሃል ያገለገለበት ጊዜ ዋጋ አለው።

ትልቁን ካርድ አትመኙ። የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 5090 በ1,999 ዶላር ነው የወጣው፤ አርቲኤክስ 5060 ደግሞ በ299 ዶላር። ለተራ ማያ ገጽ ለሚጫወት ልጅ ታችኛውና መካከለኛው ደረጃ ይበቃል።

በስም አትታለሉ። አርቲኤክስ 5060 ቲአይ በአንድ ስም በሁለት ዓይነት ይሸጣል፤ አንዱ 8 ጊጋ ሜሞሪ፣ ሌላው 16 ጊጋ ያለው። በአፕሪል 2025 ሲወጡ ዋጋቸው 379 እና 429 ዶላር ነበር። የኤኤምዲው አርኤክስ 9060 ኤክስቲም እንዲሁ ባለ 8ና ባለ 16 አለው፤ በ299 እና በ349 ዶላር ነው የወጣው። አዳዲስ ጨዋታዎች ብዙ ሜሞሪ ይፈልጋሉ፤ ለብዙ ዓመት እንዲቆይ ከተፈለገ 16ቱ ይሻላል። ሱቅ «ርካሽ አገኘንላችሁ» ሲል መጀመሪያ የሚታየው ይህ ቁጥር ነው።

በአንድ ሱቅ አትወሰኑ። በዛፕ ላይ የአንዱን ሞዴል ዋጋ በብዙ ሱቅ ማወዳደር ይቻላል። ልጁ ያውቀዋል፤ ሦስት ዋጋ ጽፎ ያምጣ።

ሐሽቦኒትና የአሕራዩት ወረቀት ሳትይዙ ከሱቅ አትውጡ። እንዲህ ላለ የኤሌክትሮኒክስ እቃ ሕጉ ቢያንስ የአንድ ዓመት አሕራዩት ያስገድዳል፤ ብዙ ካርዶች ከዚያ የሚበልጥ አላቸው። ወረቀቱን ከቤት ሰነዶች ጋር አስቀምጡት፤ ፎቶም አንሡት፤ የሐሽቦኒት ቀለም ይጠፋልና።

በኢንተርኔት ወይም በስልክ የገዛችሁት እቃ ከሆነ፣ እቃው በደረሰ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን መሰረዝ ይቻላል። እቃው ጉድለት ሳይኖርበት ለተሰረዘ ግዢ ሻጩ የሚቀንሰው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሰቅል፣ ከሁለቱ ያነሰውን ነው። ዕድሜያቸው 65 የሞላ፣ አካል ጉዳተኞች፣ እንዲሁም ከመጡ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ዖሊም፣ ግዢው ከሻጩ ጋር በመነጋገር የተደረገ ከሆነ የመሰረዣ ጊዜያቸው አራት ወር ነው። ይህን ብዙ አዛውንቶቻችን አያውቁትም። መመለስ የሚታሰብ ከሆነ ሣጥኑ አይከፈት፤ ካርዱም አይሰካ። ሻጩ እምቢ ካለ ለሸማቾች ምክር ቤት ማመልከት ይቻላል።

ያገለገለ ካርድ በያድ ሽታይም ላይ በርካሽ ይገኛል፤ መጥፎ አይደለም፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ልጁ ብቻውን አይሂድ፤ አዋቂ ሰው አብሮት ይሂድ። ካርዱ በሻጩ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ጨዋታ ተከፍቶ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ሲሠራ ይታይ። የመጀመሪያው ሐሽቦኒት ይጠየቅ፤ አሕራዩት ቀርቶት እንደሆነ ከእሱ ይታወቃል። እንደ ጂቲኤክስ 1060 ያሉ የጂቲኤክስ 10 ትውልድ ካርዶችን አትግዙ፤ ኤንቪዲያ ለእነዚህ ለአዳዲስ ጨዋታዎች የሚያወጣውን ማሻሻያ በኦክቶበር 2025 አቁሟል።

መጠበቅ ከሆነ ቀን ይቆረጥለት

አሁን ወደ «ቆይ» እንምጣ። በቤታችን «ቆይ» እና «እናያለን» ብዙ ጊዜ «አይሆንም» ማለት ነው፤ በጨዋ ደንብ የተነገረ እምቢታ ነው። በእስራኤል ያደገ ልጅ ግን «እናያለን» ሲባል እውነት የሚታይ መስሎት ይጠብቃል። ወር ይቆጥራል፤ ይጠይቃል፤ እንደገና «ቆይ» ይባላል። በመጨረሻ መጠየቁን ያቆማል። የሚያሳስበን ይሄ ነው፤ ስለ ካርዱ መጠየቅ ያቆመ ልጅ ስለ ሌላውም ነገር አይጠይቀንም። በክሊኒክ የምናገኛቸው ወጣቶች «ለአባቴ አልነግረውም፤ ቆይ ነው የሚለኝ» ሲሉ ነገራቸው ስለ እቃ ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ የማይገዛ ከሆነ «አይገዛም፤ ምክንያቱም ይህ ነው» በሉት። ያዝናል፤ ይረሳዋልም። የሚጠበቅ ከሆነ ግን መጠበቁ ሦስት ነገር ይኑረው፤ ቀን፣ ዋጋና ድርሻ።

ቀን ማለት «ከሱኮት በኋላ»፣ «የኖቬምበር ቅናሽ ሲመጣ»፣ «ከፋሲካ በፊት» ብሎ መቁረጥ ነው። ዋጋ ማለት «ይህ ሞዴል 1,600 ሰቅል ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በዚያው ቀን እንገዛለን» ማለት ነው። ዋጋው ቀኑ ሳይደርስ ከወረደ አስቀድሞ ይገዛል፤ ቀኑ ደርሶ ካልወረደ ደግሞ እንደገና ቁጭ ብሎ መነጋገር እንጂ «ቆይ» ማለት የለም።

ድርሻ ማለት ልጁም እጁን ያስገባል ማለት ነው። ከባር ምጽዋው የተረፈ ገንዘብ ካለው ከዚያ ያዋጣ። ዕድሜው ከደረሰ ደግሞ መሥራት ይችላል። ሕጉ 14 ዓመት የሞላው ልጅ በትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ ቀላል ሥራ እንዲሠራ ይፈቅዳል። 16 ዓመት የሞላው ልጅ የሚከፈለው ከዝቅተኛው የወር ደመወዝ 75 በመቶ በሆነው ሒሳብ ነው፤ በአፕሪል 2025ቱ ልክ በሰዓት ወደ 27 ሰቅል ማለት ነው። በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 1,700 ሰቅል በ8 ቀን ያህል ይሞላል። ትሉሽ እንዲሰጠው እናንተ ተከታተሉ፤ «ልጅ ነው» ተብሎ ያለ ትሉሽ ማሠራት ሕገ ወጥ ነው። የመጀመሪያ ትሉሹን ለሚፈልገው ነገር ያዋለ ልጅ እቃውንም ይጠብቃል፤ የሥራን ደንብም ይማራል።

ካርዱ ከገባ በኋላ

ይህን ሳንናገር ብናልፍ ነርስነታችን ይወቅሰናል። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። አዲስ ካርድ የገባበት ቤት የመጀመሪያው ወር ፈተና ነው። ሰዓቱን ካርዱ ቤት ከመግባቱ በፊት ተስማሙበት፤ ከገባ በኋላ የሚወጣ ሕግ ቅጣት ይመስላል። የሚቻል ከሆነ ኮምፒውተሩ በልጁ መኝታ ክፍል ሳይሆን በሳሎን ይሁን። ጠዋት መነሣት የሚከብደው፣ ራሴን ያመኛል የሚል፣ ከምግብ ሰዓት የሚቀር ልጅ ካለ ወደ ኩፓት ሖሊም ብቅ በሉ፤ እናነጋግረዋለን።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። ከልጃችሁ ጋር አንድ ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡና አምስት መስመር ጻፉ፤ ለምን ሥራ፣ ኮምፒውተሩ ይሸከመዋል ወይስ አይሸከመውም፣ ጠቅላላ ወጪው ስንት፣ ማን ስንት ያዋጣል፣ የሚገዛበት ቀን መቼ። ልጁ በዕብራይስጥ፣ እናንተ በአማርኛ መጻፍ ትችላላችሁ። ሁለታችሁም ፈርሙና ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት። ከዚያ በኋላ ዋጋው ቢወጣም ቢወርድም ቤቱ የሚያውቀው ቀን አለው።